ኮምፒውተሩ ጥቅምት 29 የለውም

ስልኬ ሲጠራ የአንድ ላፕቶፕ ሆድ ከፍቼ አቧራ እየጠረግኩ ነበር። የደወሉት ቲቸር ናቸው። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ አልከፍት ብሎኛል። ዋይፋዩ አለ። የምነካው ገጽ ሁሉ ግን በቀይ ምልክት ይመልሰኛል» አሉኝ።

ቲቸር ሃይስኩል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ሆነዋል። እኔ ደግሞ እዚሁ ጅማ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። እንዲህ ያለ ስልክ ለእኔ የዘወትር ነው። ሄጄ አስተካክዬ እመለሳለሁ፤ ማታ ላይ ረስቼዋለሁ። የዚያን ቀኑ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ቤታቸው ሄርማታ መርካቶ ነው። ዴስክቶፑ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ገና ወንበር ስስብ ዓይኔ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ አረፈ። ወሩ ሁለተኛ፣ ዓመቱ 2018 ይላል። እዚያ ቦታ ላይ መነበብ የነበረበት 2025 ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ይሆናል ብዬ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ኮምፒውተር ቀን ይጠፋበታል። ቀኑን ደግሜ ሳየው ግን አልጠፋበትም። ጥቅምት ነው፤ የኛ ጥቅምት፣ የኛ 2018። ቲቸር በእጃቸው ነው የሞሉት።

«የእድሩን መዝገብ የምይዘው በዚህ ነው» አሉኝ። «ማን በየትኛው ወር እንደከፈለ የማየው ፋይሉ ላይ ካለው ቀን ነው። የፈረንጅ ቀን ቢያሳየኝ ምን ያደርግልኛል?»

ገጹ ለምን አልከፍት እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የዲጂታል ሰርተፍኬት አለው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ብራውዘሩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ያንን ቀን ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያመሳክራል። በ2025 የተሰጠ ሰርተፍኬት፣ 2018 ላይ ላለ ኮምፒውተር ገና ያልተሰጠ ነው። ስለዚህ አይከፍትም። ቲቸር ዋይፋይ ያስገቡት በቅርቡ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው የልጅ ልጆቻቸውን በቪዲዮ እንዲያዩ ብላ አስገባችላቸው። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ ከማንም ጋር አይገናኝም ነበርና የኛን ቀን ይዞ መኖሩ ችግር አልፈጠረም።

ጨርሶ አልፈጠረም ማለቴ አይደለም። የኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው። በ2018 ደግሞ ፌብሩዋሪ ያለው 28 ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት እንደ ሌሎቹ ወሮቻችን 30 ነው። እና ጥቅምት 28 ማታ የተዘጋው ኮምፒውተር በማግስቱ ሲከፈት ኅዳር 1 ብሎ ይነሳል። ወደ 29 ልመልስህ ቢሉት እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። መስከረምን 31 ያደርገዋል። ጳጉሜን ስትመጣማ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ የሚሞላበት ቦታ ራሱ የለም።

ይህን ሁሉ እኔ አይደለሁም የደረስኩበት። ቲቸር ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል።

## ደብተሩ

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በቀይ እስክሪብቶ በሦስት ዓምድ ተሰምሯል። በግራ ቀን፣ በመካከል የሆነው ነገር፣ በቀኝ «ምን ቢሆን ይሻላል»። ከከፈቱልኝ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 29 እና 30። ኮምፒውተሩ እነዚህ ቀኖች የሉትም። በእጅ ይመዝገብ።» በቀኙ ዓምድ ደግሞ፦ «የኛን ወር በኛ ልክ ይቁጠር።»

ወደ ኋላ ገለጥኩ። የአባላት ዝርዝር ፕሪንት ሊያደርጉ ሲሉ አፕዴት ጀመረባቸው፤ በቀኙ ዓምድ «ሳይጀምር በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅና ስንት ሜጋባይት እንደሚበላ ይንገረኝ» ይላል። ፍላሻቸውን ኮፒ ቤት ወስደው ሲመልሱት ፎልደሮቹ ሁሉ ባለ ቀስት ሆኑ፤ «የሰው ፋይልና የቫይረስ ፋይል መልካቸው ይለይ»። መብራት ሄዶ የጻፉት ጠፋ፤ «ሴቭ በል ሳልለው የጻፍኩትን ያስቀምጥልኝ»። የለቅሶ ማስታወቂያ ጽፈው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት የማይነበብ የላቲን ፊደል ሆነ፤ «ፊደሉ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይሂድ»።

ሥራዬ ስለሆነ በየቀኑ ብሶት እሰማለሁ። ስታክ አደረገ፣ ቀጥ አለ፣ ቫይረስ ገባበት፣ ፎርማት አድርጊልኝ። ሁሉም የመካከለኛው ዓምድ ነው። ምን ቢሆን ይሻላል ብሎ የነገረኝ ደንበኛ ትዝ አይለኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም፤ ሥራዬ መጠገን ነው፣ ተጠግኖ ይሄዳል። ቲቸር ግን ለማንም ሳያሳዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የቀኙን ዓምድ አንድም ቦታ ባዶ ሳይተዉ ሞልተውታል።

«ቲቸር፣ ይሄን ለማን ብለው ነው የጻፉት?»

«ለሚሠሩት ሰዎች ነዋ! መቼም የሚሠራው ሰው ነው፤ ከሰማይ አልወረደም። አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ካገኘሁ ብዬ ነው።»

## «ያውቃል እንዴ?»

ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለስኩት። ገጾቹ ተከፈቱ። የልጅ ልጆቻቸውም በቪዲዮ መጡ፤ ሳሎኑ በጩኸት ተሞላ። ጥሪው ሲያበቃ ግን ቲቸር ዓይናቸው ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። 2025 ይላል። «እሺ፣ እድሩስ?» አሉኝ። «ልጆቹን ለማየት መዝገቤን ልተው ነው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ከባድ ነው። ሰውየው ወይ ከዓለም ጋር ይገናኛሉ፣ ወይ በራሳቸው አቆጣጠር ይሠራሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጣቸው ቦታ ቅንብሩ ውስጥ የለም።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብራውዘሩን ከፈትኩና ኤፍ 12 ተጫንኩ። ፕሮግራመሮች ኮድ የሚሞክሩባት ጠባብ መስኮት አለች። እዚያ ላይ «የዛሬን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳየኝ» የምትል አንዲት መስመር በኮድ ጻፍኩ። ኢንተር ስል ወጣ። ጥቅምት፣ ቀኑ፣ 2018። በፊደላችን።

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ያውቃል እንዴ?»

«ያውቃል።»

መምህር ናቸውና ዝም ብለው አላመኑም። ፈተና አወጡለት። «ጳጉሜን ጠይቂው» አሉኝ። ሴፕቴምበር 8፣ 2025 ብዬ ሰጠሁት። ጳጉሜን 3፣ 2017 አለ። «ስድስተኛዋን ጠይቂው። 2015 ላይ ጳጉሜን ስድስት ነበረች።» ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ብዬ ሰጠሁት። ጳጉሜን 6፣ 2015 አለ። በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሲያሰሉ አያለሁ። ትክክል ነው።

ትንሽ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ይሄን ሁሉ እያወቀ፣ ታዲያ ለምንድን ነው ለእኔ የማይነግረኝ?»

እስካሁን የሚከነክነኝ ይህ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እውነት አላቸው። የኛ አቆጣጠር ቀመር ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። አይሲዩ የሚባል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስብስብ አለ። የየአገሩን ቀን፣ ቁጥርና የፊደል ቅደም ተከተል ለፕሮግራሞች ያቀርባል። ዛሬ የሚያስተዳድረው፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የየራሳቸው ቁጥር እንዲኖራቸው የሚያደርገው ዩኒኮድ ኮንሶርቲየም ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ እዚያ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ 10 ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ይህን ስብስብ ይዞ ነው የሚመጣው። ብራውዘሮችም የራሳቸውን ቅጂ ይዘዋል። ማለትም ቲቸር ጥቅምት 29ን በእስክሪብቶ ሲመዘግቡ፣ ጥቅምት 29ን የሚያውቀው ኮድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ዳንቴል የለበሰው ሳጥን ውስጥ ነበር። የጎደለው ከእሱ ወደዚያች ቀኝ ጥግ የምትወስድ አጭር መንገድ ናት።

መንገዷም እንግዳ አይደለችም። ዊንዶውስ የቀን ቅንብሩ ውስጥ ተጨማሪ ካላንደር የማሳየት ምርጫ አለው። የቻይናን የጨረቃ አቆጣጠር ከመደበኛው ቀን ጎን ያሳያል። የኮምፒውተሩ ትክክለኛ ቀን አይነካም፤ ሰርተፍኬቱም፣ ኢንተርኔቱም አይታወክም። ሰውየው የሚያየው ቀን ብቻ ነው የሚጨመረው። ቲቸር የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ይህ ከገባኝ በኋላ የጥያቄያችን መልክ ተቀየረብኝ። ለዓመታት ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ስናወራ «ለኛ ብለው አይሠሩልንም» እንል ነበር። ማን ለኛ ብሎ ያንን ሁሉ ይሠራል በሚል ተስፋ ቆርጠን እንተወዋለን። የቲቸር ጥያቄ ግን ትንሽ ናት። የምታውቀውን አሳየኝ ነው የሚለው።

## የተናገሩት የተሰሙበት ጊዜ

«ማን ይሰማናል» የሚለውን አብዝቼ ስለሰማሁት፣ የተሰሙበትን ጊዜ ማስታወስ እወዳለሁ። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ የስታርት በተን ከታች ጠፍቶ ነበር። ሰው ኮምፒውተሩን ማጥፊያው ሳይቀር ጠፋው። ቅሬታው ከየአቅጣጫው ወረደ። በዓመቱ በ8.1 በተኑ ተመለሰ፤ በ2015 በዊንዶውስ 10 ሜኑው ራሱ ተመለሰ። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲመጣ ከታች የተከፈቱ መስኮቶችን በስማቸው ለይቶ የማሳየት ምርጫ ቀርቶ ነበር። ተጠቃሚዎች ጠየቁ፣ ደጋግመው ጠየቁ፤ በ2023 ተመለሰ። ቲቸር መብራት ሲሄድ ስለሚጠፋው ጽሑፍ የጻፉት ሐሳብም በከፊል ደርሷል። በዚያው ዓመት የዊንዶውስ 11 ኖትፓድ ሴቭ ያልተደረገን ጽሑፍ ይዞ ቆይቶ ሲከፈት መመለስ ጀምሯል።

ከዚህም ወደ ኋላ ልሂድ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው ብሎ መልእክት ላከ። ሥራው ገና አላለቀም። ሰዎች ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ ጠየቀ፤ ሐሳባችሁን ሁሉ እቀበላለሁ፣ እሠራዋለሁ ብዬ ግን ቃል አልገባም አለ። ያ ሲስተም ሊኑክስ ነው። አንድ ተማሪ ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ በመጠየቁ የተጀመረ ነገር ዛሬ የት እንደደረሰ አንባቢ ያውቀዋል።

ፊደላችንም እንዲሁ ነው። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምና መሰሎቹ በነገሡበት ዘመን የአማርኛ ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ተደርቦ ነበር የሚቀመጠው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ይሆናል። የቲቸር የለቅሶ ማስታወቂያ የደረሰባትም ይህችው ናት፤ የጻፉት በድሮው ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያ በራሱ አልሆነም። የሚመለከታቸው ሰዎች ሐሳብ አርቅቀው፣ ሰነድ አዘጋጅተው፣ በየፊደሉ ተከራክረው ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለ ጭንቀት አማርኛ የምንጽፈው ያኔ የተናገረ ሰው ስለነበር ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል አይደል?

## እኛ ዘዴ እናውቃለን

ታዲያ ለምን አንናገርም? ግዴለሾች ሆነን አይመስለኝም። ዘዴ ስለምናውቅ ይመስለኛል። አንድ ነገር አልሠራ ሲል መላ እናበጃለን። ቀኑ አልስማማ ሲል ቀኑን እንቀይራለን። አፕዴት ዳታ ሲበላብን አፕዴቱን ጨርሰን እንገድለዋለን። ፍላሽ ቫይረስ ሲያመጣ ፎርማት እናደርጋለን። እኔ ራሴ የምኖረው በዚሁ መላ ነው፤ ሱቄ ክፍት የሆነው ሰው መላ ስለሚፈልግ ነው። መላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያምራል። የሚያመጣው ጉዳት ግን አለ። አፕዴቱ የተገደለ ኮምፒውተር የደኅንነት ማስተካከያ አይደርሰውም። ቀኑ የተቀየረ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይከፍትም። ከሁሉ በላይ፣ ችግሩ እኛው ቤት ተሸፍኖ ይቀራል። የሚሠሩት ሰዎች ጅማ ላይ አንድ እድር ጥቅምት 29ን በእስክሪብቶ እንደሚመዘግብ በምን ያውቃሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ አለመታወቁ ነው። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤፍ ጋር ተጫኑ። ፊድባክ ሀብ የሚባል ፕሮግራም ይከፈታል። ችግርና ሐሳብ ለየብቻ ይቀበላል። ሌላ ሰው ቀድሞ ያቀረበው ሐሳብ ካለ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ለቲቸር ሳሳያቸው ገረማቸው። የሐሳብ መስጫው ሳጥን እዚያው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፍላሹ አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም፤ በየሳምንቱ የማየው ጉዳይ ነው። «የሰው ፋይልና የቫይረስ ፋይል መልካቸው ይለይ» የሚለው የቲቸር ሐሳብ የዋህ ይመስላል፤ ግን ዋናውን ነገር ነው የነካው። ዊንዶውስ ከ95 ጀምሮ የታወቁ ፋይሎችን የስም ቅጥያ ይደብቃል። አንዳንዱ ቫይረስ የፎልደር ምስል ለብሶ፣ የፎልደር ስም ይዞ ይቀመጣል። ፕሮግራም መሆኑን የሚያጋልጠው መጨረሻው ላይ ያለው «ዶት ኢኤክስኢ» ነው፤ እሱ ደግሞ ተደብቋል። ሰውየው ፎልደር ከፈትኩ ብሎ ቫይረሱን ያስነሳል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 በድሮዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማስተካከያ አሰራጭቷል፤ ትልቅ ነገር ነበር። ቅጥያው ግን እንደተደበቀ ነው። ከእጄ የሚወጣ ኮምፒውተር ሁሉ ቅጥያው እንዲታይ አድርጌ ነው የምመልሰው። ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ቢመጣ የስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይተርፍ ነበር! በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ይመስክር።

## የላክነው

ቲቸር ደብተሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንድልክላቸው ፈልገው ነበር። አንድ በአንድ ይሻላል አልኳቸው። አንድ መልእክት ላይ ብዙ ጥያቄ ከተጫነ አንዱም አይነበብም። በቀኑ እንጀምር ተባባልን።

ጽሑፉን ሁለታችን ሠራነው። እንግሊዝኛውን እኔ ጻፍኩ፤ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት፤ ልክ እንደ ድሮው። እኔ ስለ ባህልና ስለ አገር ክብር አንድ አንቀጽ ጀምሬ ነበር። ሰረዙት። «የሚያነበው ሰው መሐንዲስ ነው» አሉኝ። «የሆነውን ንገሪው።» እናም የሆነውን ጻፍን። የእድር ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገብ የምይዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ቀኑን በእጄ ስቀይር ሁለተኛው ወር 28 ላይ ያበቃል፤ ድረ ገጾችም አይከፈቱም። ቀመሩ ሲስተሙ ውስጥ ባለው አይሲዩ ላይ አለ። የጨረቃ ካላንደር በሚታይበት ቦታ የኢትዮጵያ አቆጣጠርም ይምጣ፤ የፋይል ቀንም በዚያው ይታይ። አለቀ። የስክሪኑን ፎቶ አያያዝንበት፤ ኮምፒውተሩ ጥቅምት 29ን አልቀበልም ያለበትን።

መልስ አልመጣም። ቲቸርም እኔም ቶሎ ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። ግን ድምፅ የሚሰጥበት ነገር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይህን የምታነቡ ኮምፒውተር ላይ የምትውሉ ከሆነ፣ የኛን ሐሳብ ፈልጋችሁ ድምፅ ስጡ፤ ወይም የራሳችሁን ጻፉ። ሲስተማችሁ ሌላ ከሆነም ለእሱ ሠሪዎች ጻፉ። ጥያቄው ከአዲስ አበባም፣ ከጎንደርም፣ ከሐዋሳም ሲሄድ ነው ክብደት የሚኖረው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025፣ በኛ ጥቅምት 4፣ 2018 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር በአብዛኛው አይቀበልም። የቲቸር ዴስክቶፕ አራተኛ ትውልድ ነው። ሐሳባቸው ተሰምቶ ካላንደሩ ቢመጣ እንኳ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ አይደርስም። ይህን ስነግራቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እኔ ሒሳብ ሳስተምር ለራሴ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ለጊዜው ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን ልጭንላቸው እያሰብኩ ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር አይከብድም፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሐሳብ ያለው ሰው ከመለመን አልፎ ራሱ ሠርቶ ሊልክ ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውቲንግ የምትማሩ ልጆች፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ከጠፋባችሁ የቲቸር ደብተር አለ። እኔ አገናኛችኋለሁ።

አሁን ሁለተኛው ሐሳብ ላይ ተጣልተናል። የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ቲቸር ኮምፒውተሩ ጠዋት ሰባት ሲል እሳቸው አንድ ሰዓት ብለው መኖራቸው ሰልችቷቸዋል። ስድስት ሰዓት መቀነስ ነው፣ ምን ችግር አለው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከቀኑ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ለብቻው ይሂድ ባይ ነኝ። አይሲዩ ቀናችንን ያውቃል፤ የሰዓት አቆጣጠራችንን ግን አያውቅም። ይሄኛው እንደ አዲስ የሚሠራ ነው።

ይህን ስላቸው ጭራሽ ሌላ ጥያቄ አመጡብኝ። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሞተ የእድር አባል በየትኛው ቀን ይመዝገብ? ኮምፒውተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ቀኑን ወደ ረቡዕ አሻግሮታል። ቲቸር ንጋት ሳይሆን ረቡዕ አይባልም ይላሉ፤ እስከ ዛሬ የተመዘገበውም እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ የሆስፒታሉ ወረቀት ረቡዕ ብሎ ይመጣል፤ ሁለት መዝገብ ሊጋጭ ነው እላለሁ። ደብተሩ ላይ መካከለኛው ዓምድ ተሞልቷል። የቀኙን ከመሙላታችን በፊት ግን ቲቸር ጉዳዩን ለእድሩ ኮሚቴ አቀርባለሁ ብለዋል፤ ስብሰባው የወሩ መጨረሻ እሑድ ነው።